የተዋሰውን ያልመለሰ የኔትወርክ ካርድ

እስቲ ቀረብ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የንጉሥም የጦር ሜዳም ታሪክ አይደለም፤ የአንድ ኔትወርክ ካርድ ታሪክ ነው። ይህ ካርድ ከመዳብና ከፕላስቲክ አልተሠራም። በሲ ቋንቋ ተጽፎ ነው የተሠራው፤ እጅ አይዳስሰውም፣ ዓይንም አያየውም። ያም ሆኖ ይዋሳል፣ ይወስዳል፣ ይሰጣል፤ አንዳንዴም የወሰደውን ሳይመልስ ይቀራል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምናገር ግራ እንዳይገባችሁ።

ነገሩን ከረሆቮት እጀምራለሁ። ረሆቮት ከቴል አቪቭ በስተደቡብ የምትገኝ በ1890 የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ስትታወቅ የኖረችውም በብርቱካኗ ነው። በ1934 አንድ የምርምር ተቋም ተከፈተባት። ተቋሙ በ1949 በእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በሐይም ዋይዝማን ስም ተጠራ። በዚሁ ግቢ ውስጥ በ1954 እና በ1955 ዌይዛክ የተባለ ኮምፒውተር ተሠራ። ሐሳቡ ቀደም ብሎ ሲነሣ በአማካሪዎቹ ጉባኤ ከተቀመጡት አንዱ አልበርት አይንስታይን ነበር፤ እሱ አልተዋጠለትም። ሌላው አማካሪ ጆን ፎን ኖይማን ግን ደገፈው። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ሐይም ፔከሪስ የውቅያኖሶችን ማዕበል መውጣትና መውረድ በስሌት ማግኘት ይፈልግ ነበር፤ ያን ስሌት በእጅ መሥራት ደግሞ የሰው ዕድሜ አይበቃውም። ስለዚህ በፕሪንስተን ከፎን ኖይማን ጋር የሠራው ጄራልድ ኤስትሪን መሐንዲስ ከሆነችው ከባለቤቱ ከቴልማ ጋር ወደ ረሆቮት መጣና ማሽኑን አሠራ።

አሁን የምነግራችሁን ቁጥር ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ። የዌይዛክ ሜሞሪ መጀመሪያ በሚሽከረከር መግነጢሳዊ ከበሮ ላይ ነበር፤ በኋላ ተሻሽሎ 4,096 ቃላት ያዘ። እያንዳንዱ ቃል 40 ቢት ነው። አባዙት፤ 163,840 ቢት ይሆናል፣ በባይት ሲቆጠር 20,480። ዛሬ ኮምፒውተሮቻችን በኔትወርክ የሚላላኩት አንድ የተለመደ የኢተርኔት ፓኬት እስከ 1,500 ባይት ይሸከማል። እንግዲህ የዚያ ታላቅ ማሽን ሜሞሪ በሙሉ ቢለቀቅ 13 ፓኬት ብቻ ይይዛል፤ አሥራ አራተኛው ሲመጣ ማረፊያ ያጣል። በዌይዛክ ላይ የሚሠራ ሰው እያንዳንዷ ቃል የት እንደተቀመጠች፣ መቼ ሥራዋን እንደምትጨርስና ቦታዋ ለማን እንደሚተላለፍ በወረቀት ላይ ያውቅ ነበር። ማባከን ቢፈልግ እንኳ የሚያባክነው ነገር የለውም። ማሽኑ እስከ 1963 መጨረሻ ድረስ እንዲህ አገለገለ።

በዚያችው ከተማ ቂርያት ሞሼ የሚባል ሠፈር አለ። ብዙ የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ይኖሩበታል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዘ፤ ያኔ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የሄዱት ሕፃናት ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ቴክ-ካሪየር የተባለ ድርጅት የእነዚህን ወጣቶች እጅ ይዞ ወደ ኮምፒውተር ሙያ ሲያስገባ ኖሯል። ይህን ታሪክ ስተርክ በልቤ የማስባቸው እነሱን ነው፤ ዌይዛክ በተሠራባት ከተማ አድገው በዚያው ሙያ ሊገቡ የሚችሉ ልጆች ናቸውና።

ከዌይዛክ ወዲህ ዘመን ተለወጠ፣ ሜሞሪም እንደ ጉድ በዛ። በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ብዙ ኮምፒውተሮችን በፕሮግራም ማስቀመጥ ተቻለ፤ እነዚህ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። ትልቁ አስተናጋጅ ነው፣ ውስጡ ያሉት እንግዶች ናቸው። እንግዳው የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ኔትወርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል፤ እነዚህን ሁሉ የሚያስመስልለት ግን አስተናጋጁ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ በ2003 ያወጣው ኪው-ኢሙ ነው። በጥቅምት 2006 ደግሞ በእስራኤል በነበረው ኩምራኔት ኩባንያ ይሠራ የነበረው አቪ ኪቪቲ ኬቪኤም የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ፣ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ለሚጽፉት ሰዎች አቀረበ። በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀባይነት አግኝቶ በየካቲት 2007 በወጣው ሊኑክስ 2.6.20 ውስጥ ገባ። በ2008 ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ኩምራኔትን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከኩምራኔት መሥራቾች ቤኒ ሽናይደርና ራሚ ታሚር ቀጥለው ራቬሎ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። የራቬሎ ዓላማ ቪኤምዌር በተባለ ኩባንያ ፕሮግራም የተሠሩ ቨርቹዋል ማሽኖችን ሳይነካ ወስዶ በሌላ ሰው ደመና፣ ማለትም በኪራይ በሚሰጥ ኮምፒውተር ላይ ማስነሣት ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። በቪኤምዌር ቤት ያደገ እንግዳ የሚያውቀው ኔትወርክ ካርድ ቪኤምኤክስኔት3 ነው። ድራይቨሩም፣ ማለትም ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም፣ ለዚያ ካርድ ብቻ የተጻፈ ነው። እንግዳው ሌላ ቤት ሲሄድ ካርዱን ካላገኘ ከዓለም ጋር መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ራቬሎ ዴይኒክስ የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ አሠርቶ ያንን ካርድ በኪው-ኢሙ ውስጥ አጻፈ። በፋይሉ ራስጌ ላይ 2012 የሚል ዓመትና የጸሐፊዎቹ ስም ሰፍሯል፤ የመጀመሪያው ዲሚትሪ ፍሌይትማን ነው። ሥራው በ2013 ለሁሉም ሰው በነፃ ተለቀቀ። ይህን ሥራ የማየው በአክብሮት ነው። የሌላ ኩባንያን ካርድ ጠባዩን ሁሉ አጥንቶ፣ ድራይቨሩ ልዩነቱን እስካያውቅ ድረስ አስመስሎ መጻፍ ከባድ ጥበብ ነው።

ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ምን እንደቀረ እንድታዩት ወደ እድር ልውሰዳችሁ።

እድር ዕቃ ቤት አለው። ብረት ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሳህኑ ሁሉ እዚያ ነው። አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ልጁን ይልካል።

«ጋሼ፣ ሁለት ብረት ድስት ስጡኝ፣ አባባ ልከውኝ ነው።»

«ውሰድ ልጄ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ና እዚህ ላይ ፈርም።»

መዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ ሐዘኑ ሲያበቃ ድስቱ ይመለሳል፣ ስሙ ይሰረዛል። አሁን ሌላ ዓይነት መዝገብ አስቡ፤ ለአንድ ቤት አንድ መስመር ብቻ ያለው። ልጁ ሁለት ድስት ወስዶ ከፈረመ በኋላ ዳግመኛ መጥቶ ሌላ ሁለት ድስት ቢወስድ፣ አዲሱ ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። የፊተኞቹ ድስቶች የት ናቸው? በልጁ ቤት አሉ፤ አልተሰበሩም፣ አልተሰረቁም። ሆኖም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንም አይጠይቃቸውም፤ መኖራቸውን የሚያውቅ ጽሑፍ የለምና። ዕቃ ጠባቂው ቀና ሰው ነው፣ ልጁም ቀና ነው፣ እድሩ ግን ድስት እያለቀበት ይሄዳል።

በኮምፒውተር ውስጥ ሜሞሪ የሚፈሰው ልክ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ከአስተናጋጁ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል፤ አድራሻውን በአንዲት ቦታ ይጽፋል። በሲ ቋንቋ ሲጨርስ «መልሼአለሁ» ማለት ያለበት ራሱ ፕሮግራሙ ነው። አድራሻው ላይ ሌላ አድራሻ ከተጻፈበት ግን ምን ብሎ ይመልስ? ሜሞሪው ፕሮግራሙ እስኪሞት ድረስ ታስሮ ይቀራል።

ቪኤምኤክስኔት3 ላይ የሆነው ይህ ነው። ድራይቨሩ ካርዱን «ተነሣ» ብሎ ያዝዘዋል። ካርዱ ሲነሣ የሚላኩትንና የሚመጡትን ፓኬቶች የሚያዘጋጅበት ሜሞሪ ከአስተናጋጁ ይወስዳል። «ተኛ» ሲባል ይተኛል። ሲተኛ ግን የወሰደውን አይመልስም ነበር፤ የሚመልሰው ካርዱ ከማሽኑ ጨርሶ ሲነቀል ብቻ ነው። ደግሞም «ተነሣ» ሲባል ቀድሞ ተነሥቶ እንደሆነ ራሱን አይጠይቅም። ተነሥቶ እያለ ዳግመኛ «ተነሣ» ቢባል እንደገና ይወስዳል፣ አዲሱን አድራሻም በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ጨዋ ድራይቨር ሁለት ጊዜ «ተነሣ» አይልም። ካርዱን የጻፉት ሰዎች የገመቱት ይህንን ይመስለኛል። ነገር ግን እንግዳው ውስጥ ያለው ሰው ሁልጊዜ ጨዋ አይደለም። አንድ ክፉ ሰው በተከራየው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ተቀምጦ «ተነሣ፣ ተነሣ፣ ተነሣ» የሚል አጭር ፕሮግራም ቢጽፍ፣ የሚያልቀው የእሱ የራሱ ሜሞሪ አይደለም። የአስተናጋጁ ነው።

የአስተናጋጁ ሜሞሪ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሊኑክስ ጨክኖ ይፈርዳል፤ በሥራ ላይ ካሉት ፕሮግራሞች አንዱን መርጦ ይገድላል፣ ሲመርጥም በአብዛኛው ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ይመለከታል። ልብ በሉ፤ ብዙ የያዘ ሁሉ ሌባ አይደለም። የሆስፒታል መዝገብ የተጫነበት ወይም የባንክ ሒሳብ የሚሠራበት ትልቅ እንግዳ በሐቅ ብዙ ይይዛል። አጥፊው ሌላ ሆኖ ሟቹ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዲት ያልተመለሰች ቁራጭ ሜሞሪ ለእኔ የቴክኒክ ጉድፍ ብቻ አይደለችም፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ የማይተዋወቁ ሰዎች መብት ናት።

ጉድለቱን ያገኘው ያኔ ቺሁ 360 በተባለው የቻይና ኩባንያ ይሠራ የነበረው የደኅንነት ተመራማሪ ቺንግሃኦ ታንግ ነው። በታኅሣሥ 2015 ጉዳዩ ሲቪኢ-2015-8567 እና ሲቪኢ-2015-8568 በሚሉ መለያ ቁጥሮች ተመዘገበ። መድኃኒቱን የጻፈው ያኔ በሬድ ሃት ይሠራ የነበረው ፕራሳድ ፓንዲት ሲሆን፣ ጽሑፉን መርምሮ ያለፈው ራሱ የካርዱ ጸሐፊ ፍሌይትማን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእስራኤል የተጻፈውን ቻይናዊ አነበበው፤ ሬድ ሃት አረመው፤ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ደግሞ «ልክ ነው» ብሎ በእርማቱ ላይ ስሙን አኖረ። ሥራውን የሚወድ ሰው የገዛ ጽሑፉ ሲታረም ፊቱን አያዞርም፤ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

እርማቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ተነሣ» ሲመጣ ካርዱ መጀመሪያ ራሱን ይጠይቃል፤ ተነሥቼአለሁ ወይ? ከተነሣ ምንም ሳይወስድ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ «ተኛ» ሲመጣ የላኪውንና የተቀባዩን ሜሞሪ ይመልሳል፣ ከዚያ ይተኛል። ካርዱ ጨርሶ ሲነቀልም በዚያችው የመተኛት መንገድ ያልፋል። መመለሻው አንድ ቦታ ሆነ፤ በየትም ብትወጣ በእሱ በኩል ነው። የእርማቱ ጥበብ ይህ ይመስለኛል። ዕቃ የሚመለስበት በር ሁለትና ሦስት ከሆነ አንዱ በር ላይ ጠባቂ ይጎድላል።

ይህ ጉድለት የዚህ ካርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተረክሁላችሁ። በዓመቱ በኪው-ኢሙ ውስጥ ኢንቴል ፕሮ100 የተባለውን ካርድ በሚያስመስለው ላይ ወንድሙ ተገኘ፤ ሲቪኢ-2016-9101 ተባለ። ያ ካርድ ሲሰካ ስለራሱ የሚገልጽ አንድ መዝገብ ይወስዳል፤ ሲነቀል መዝገቡን ከስም ዝርዝር ያስፋቃል፣ ሜሞሪውን ግን አይመልስም። እየሰኩ እየነቀሉ ቢደጋግሙት አስተናጋጁ ይዳከማል። መድኃኒቱ አንዲት መስመር ነበረች።

እነዚህን ነገሮች የሚፈልግ ሰው ብቻውን አይደለም፤ መሣሪያ አለው። በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ኬሜምሊክ የሚባል ፈላጊ አለ፤ ሜሞሪውን እየቃኘ ማንም አድራሻዋን ያልያዘላትን ቁራጭ ያሳያል። ለሌሎች ፕሮግራሞች ቫልግሪንድና አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባሉ ፈላጊዎች አሉ። ግን መሣሪያው የሚያየው የተሄደበትን መንገድ ብቻ ነው። ፍሳሹ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ማንም በማይሄድበት መንገድ፣ በስህተት መውጫው ላይ ነው። ድራይቨር ሲነሣ በቅደም ተከተል ይወስዳል፤ ሜሞሪውን፣ ከዚያ የፓኬት ወረፋውን፣ ከዚያ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን መስመር። ሦስተኛው ላይ «የለም» ቢባል፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ከኋላ ወደ ፊት እየመለሰ መውጣት አለበት። የሊኑክስ ጸሐፊዎች ይህንን መውጫ በዚያው የፕሮግራም ክፍል ግርጌ እንደ ደረጃ ደርድረው ይጽፉታል። በሥራ ቀን ሦስተኛው «የለም» አይልም፤ ስለዚህ ደረጃው ለዓመታት ሳይረገጥ ይኖራል። የጎደለ ደረጃ እንዳለ የሚያውቀው ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ከባድ ክፍል ደርሰናል። እስካሁን ሳይመልስ ስለቀረ ነገርኳችሁ፤ ቶሎ የመለሰስ?

ቨርቲዮ የሚባል ሌላ የኔትወርክ ካርድ አለ። አውስትራሊያዊው ረስቲ ራስል ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ ከመጀመሪያው ያቀደው ነው፤ ዛሬ በኬቪኤም ላይ ከሚሠሩት ካርዶች ዋነኛው ነው። እንግዳው ባዶ ሜሞሪ በወረፋ ላይ ያስቀምጣል፤ አስተናጋጁ ያንን ሜሞሪ ይይዛል፣ የመጣውን ፓኬት ይጽፍበታል፣ ይለቀዋል። ፓኬቱ ትልቅ ከሆነ በብዙ ቁራጭ ይከፈላል፤ ስንት ቁራጭ እንደሆነ የሚገልጸው ቁጥር ደግሞ በመጀመሪያው ቁራጭ ራስጌ ላይ መጻፍ አለበት። ቁጥሩ ግን የሚታወቀው ሁሉም ተጽፎ ሲያልቅ ነው። የካርዱ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ቁራጭ ከለቀቀው በኋላ ተመልሶ ቁጥሩን ይጽፍበት ነበር። በእድሩ ቋንቋ ድስቱን መልሶ፣ ድስቱ ሌላ ሐዘን ቤት ከደረሰ በኋላ፣ ጭልፋውን ይዞ ያንኑ ድስት ማማሰል ነው። ይህ ሲቪኢ-2021-3748 ነው። ከፍሳሽም ይከፋል፤ የለቀቅኸው ሜሞሪ አሁን በማን እጅ እንዳለ አታውቅምና።

የኪው-ኢሙ ሰዎች አረሙት። መልቀቁን አዘገዩት፤ ቁራጮቹን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይዘው ይቆያሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ከዚያ በአንድ ላይ ይለቃሉ። ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ሆኖም በዝርዝሩ ተይዘው እያለ መካከል ላይ ስህተት ቢፈጠርስ? ፕሮግራሙ በስህተት መውጫው በኩል ይወጣል፤ በዚያ መውጫ ላይ ደግሞ የተያዙትን የሚለቅ አልነበረም። በታኅሣሥ 2021 የወጣው የኪው-ኢሙ 6.2.0 እትም ይህንን ይዞ ወጣ። ቶሎ የመለሰውን ሲያርሙ፣ ሳይመልስ የሚቀር ተወለደ፤ ስሙም ሲቪኢ-2022-26353 ሆነ።

እኔ በዚህ ማንንም አልወቅስም። የመጀመሪያው እርማት የተጻፈው ለእውነተኛ አደጋ ነው፣ በጥሩ እጅም ነው የተጻፈው። ይልቅ የሚገርመኝ የቀጣዩ እርማት ትሕትና ነው። በ2022 ያረመው ሰው በመግለጫው ላይ ያለፈውን እርማት በመለያ ቁጥሩ ጠርቶ፣ ምን ሊያደርግ እንደፈለገና ምን እንደዘነጋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ከዚያ በስህተት መውጫው ላይ በዝርዝሩ የተያዙትን ቁራጮች አንድ በአንድ ከወረፋው የሚያላቅቅ ጥሪ ጨመረ። ሌላ ምንም አልነካም።

እነዚህ ፋይሎች ሁሉ ዛሬም ክፍት ናቸው። የቂርያት ሞሼ ልጅም፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያለ ፈቃድ ያለ ክፍያ አውርዶ ሊያነባቸው ይችላል። ማንበብ የምትፈልጉ ከቪኤምኤክስኔት3 ጀምሩ፤ ማንሻውንና ማስተኛውን ጎን ለጎን ክፈቱ። በማንሻው ውስጥ የተወሰደውን እያንዳንዱን ነገር በጣታችሁ ይዛችሁ በማስተኛው ውስጥ መመለሻውን ፈልጉ። ከዚያ ወደ ቨርቲዮ ተሻገሩና መቀበያውን ክፈቱ፤ ወደ ግርጌው፣ ወደ ስህተት መውጫው ውረዱ። በ2022 የተጨመረችው ጥሪ እዚያ አለች።